ጥፋቱ የለሊሴ እግር አልነበረም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር መጣላቴንም ነግሬያቸዋለሁ። የኖዝሉን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳሁላቸውም። እርስዎ የሚያነቡኝ፣ ማን እንደሆኑ ባላውቅም፣ ዛሬ ለእርስዎ ልናዘዝ። ኖዝሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

ሃያ ዓመት አልፎታል። ያኔ ሱሉልታ፣ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ኦቦ ደበላ የሚባሉ ገበሬ የአሮጌ ፒክአፓቸውን የናፍጣ ሞተር እንድናድስ አመጡልን። መኪናዋን የምትነዳው ልጃቸው ለሊሴ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከጫንጮ ጀምራ የገበሬውን ወተት በጀሪካን እየሰበሰበች ሱሉልታ ታደርሳለች። በዚያ መስመር መሪ የያዘች ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህንንም ታውቀዋለች፣ ደስም ይላታል። ስትነዳ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ከማርሹ አጠገብ ታስቀምጣለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ እግሬ ፔዳሉን ካልነካው አያምነውም አለችኝ። እንደ እሷ በስሱ የሚረግጥ ሾፌር እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን አስቀድመው ይያዙልኝ።

ሞተሩ ወርዶ ሲታደስ በየቀኑ እየመጣች ትጠይቅ ነበር። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ቆሎዋን ታካፍለኛለች፤ «ሐኪሙ፣ በሽተኛዬ እንዴት አደረች?» እያለች ታሾፍብኛለች። ምን ልበልዎ? ወደድኳት። ልቤ እስኪጠፋ ወደድኳት፣ መናገር ግን አቃተኝ። ሥራው አልቆ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ አለቃዬን እንኳን ፈገግ አሰኘው። እኔ ብቻ ከፋኝ። በደንብ የታደሰ ሞተር ዓመት ሙሉ ወደ ጋራዥ አይመለስማ።

አጠገባችን የአንድ የሰበታ ሰው የጭነት መኪና ሞተር ተፈቶ ነበር። ሊጣሉ ከተለዩት ዕቃዎቹ መሐል አንድ ኖዝል አነሳሁ። ኖዝል ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጭ ትንሽ ዕቃ ነው። ጥርሱ ከገጠመ ይገባል፤ የአንዱ ሞተር ለሌላው ግን አይሆንም፤ እንደ ጉም መርጨት ሲገባው ያንጠባጥባል። ከለሊሴ ሞተር አንዱን ጤነኛ ኖዝል ፈትቼ ያንን አሰርኩበት። የሷን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው አይደለም?

በሳምንቱ መጣች። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ዳገት ላይም ትጠፋለች አለች። እኔም ከፈትኩ፣ አጸዳሁ፣ ዘጋሁ፤ ኖዝሉን አልነካሁም። እሷ ስለ ላሞቿ ጠባይ እያወራችልኝ ስንስቅ ዋልን። ደግማ መጣች። ያን ቀን ብናገር ኖሮ ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ ለምን አልተናገርኩም? በሦስተኛው ጊዜ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቆማ ቀረች፤ ፀሐዩ ከረረ፣ የአስራ አንድ ቤት ወተት ተበላሸ።

ኦቦ ደበላ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ልጃቸው እየነዳች አብረው ጋራዥ መጡና ረጋ ብለው ጠየቁኝ፤ ጥፋቱ ከሞተሩ ነው ወይስ ከአነዳዷ? ለሊሴ ታየኛለች። አለቃዬ ያየኛል። ኖዝሏ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ሞተሩ ደህና ነው፣ ኦቦ» አልኩ። «አያያዝ ነው።»

ኦቦ ደበላ እጃቸውን ዘረጉላት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁልፉን ስጪኝ። መኪናዋ አይደለችም፣ እግርሽ ነው የከበደባት» አሏት፣ በአባት አንጀት። እሷ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን ከማርሹ አጠገብ አነሳችና አጠለቀች።

በማግስቱ መኪናዋን ወንድሟ ለፍተሻ ነድቶ አመጣት። ደንግጬ ስለነበር ኖዝሏን መልሼ አሰርኩ፤ አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀብኝም። ያስተካከልኩ መስሎኝ ፍርዱን አጸናሁባት። ወንድሟ ሲይዛት ጭስ የለ፣ ዳገት ላይ መቆም የለ። ከዚያ ወዲያ ለሊሴን ማን ያምናታል? እሷስ ራሷን እንዴት ትመን?

በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ። ኦቦ ደበላ፣ እውነት የሚናገር ባለሙያ ነው፣ ብለው መርቀው ሰጡኝ። ባለፈው ዓመት አረፉ። እሳቸው ዘንድ ቃሌን የማርምበት መንገድ የለኝም።

አሁን የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ ወደ ገፈርሳ መውጫ ላይ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ለሊሴ ዛሬም ሐኪሙ ነው የምትለኝ። ቤታችን ሳቅ ያለበት ቤት ነው፤ ሳቁ ከእሷ ነው። መሪ ግን ከዚያ ወዲህ ነክታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ሲያቃጥለኝ፣ መኪናችን በር ላይ ቆማ፣ ሾፌር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች። እኔ እኮ አልችልበትም ስትል አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማት ነበር። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ባለፈው እሁድ ልጃችን ሲፈን መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው ብላ ከእኔ ጋር መለማመድ ጀመረች። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችው፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። ከኋላ የተቀመጠችው ለሊሴ የልጇን ትከሻ ዳበሰችና «አይዞሽ፣ የኔን እግር ወርሰሽ ነው» አለቻት።

ሃያ ዓመት የቻልኩትን ያን ጊዜ አልቻልኩትም። ውሸቴ ወደ ልጄ ተሻገረ።

ለፍቅር ብዬ ነው አልልም። ላይሽ እፈልጋለሁ ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እኔ ሞተር ፈታሁ። ያልሆነውን ኖዝል ያሰርኩት እኔ። አያያዝ ነው ያልኩት እኔ። ወተት የጫነችውን መኪና ብቻ ሳይሆን መንገዱንም የነጠቅኳት እኔ። እርስዎ ይቅር ቢሉኝ ደግ ነዎት፤ ይቅርታው ግን የእርስዎ አይደለም።

ያን የጭነት መኪና ኖዝል እስካሁን አልጣልኩትም። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ልምምድ አለ። ይህን ወረቀት፣ ኖዝሉንና የመኪናዋን ቁልፍ አንድ ላይ ለለሊሴ እሰጣታለሁ፣ ሲፈን እያየች። ከዚያ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ጫማዋን ታወልቅ ይሆናል። ለመንዳት ይሁን እኔን ለመምታት አላውቅም፤ ለሁለቱም እሷ መብት አላት።