የፓንጎሊኑ ቅርፊትና ያልሄድኩበት አሰብ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ አጠገቤ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ፣ ገላው በቅርፊት የተሸፈነ እንስሳ ልጁን ጅራቱ ላይ አፈናጦ ሲያዘግም እዚያው ስልኳ ላይ አየሁ።

«ፓንጎሊን ነው፤ ጡት ያጠባል» አልኳት።

«እንዴት አወቅሽ እማማ?»

የቆየው ንዴቴ ተቀሰቀሰ።

ደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር ገጠምን። አሸናፊዎቹ አሰብ ወርደው ባሕር ያያሉ ተባለ። ያኔ አሰብ የኛው ወደብ ነበር፤ ከዚያ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ኮምቦልቻ ላይ አቧራ ለብሰው ሲቆሙ፣ አቧራው ራሱ ባሕር ባሕር የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

ግንቦት ነው። ለደሴ ብርድ የለበስነው ሹራብ ኮምቦልቻ ስንደርስ ገላችን ላይ ተጣበቀ። አዳራሹ ይፋጃል፤ በመስኮቱ የበሰለ ማንጎ ሽታ ይገባል። ነጥባችን እኩል ሆኖ የመጨረሻው ጥያቄ ለኔ ደረሰ፤ የጥልቅ ባሕር ሻርክና ፓንጎሊን በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

ከባዮሎጂ መምህራችን ተውሼ ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ ነበርና ልቤ በደስታ ዘለለ።

«ሁለቱም ቅርፊት አላቸው» አልኩ። «የሻርኩ ቅርፊት እንደ ጥርስ፣ የፓንጎሊኑ ግን እንደ ጥፍራችን ነው። ሻርክ ዓሣ ነው፤ ፓንጎሊን ጡት አጥቢ ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ቅርፊት ለብሶ ጡት ማጥባት? እባብም ያጠባል በዪና!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የቡድን ጓደኛዬ ሰይድ ብድግ አለ። «ወላሂ እውነቷን ነው! መጽሐፍ ላይ አለ!»

«ተቀመጥ አንተ!» አሉት ዳኛው፤ ድሉንም ለኮምቦልቻ ልጆች ሰጡ።

ሲያልቅ ዳኛውን በር ላይ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ መጽሐፉን ነገ ላምጣልዎት?» አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ውድድሩ እኮ አለቀ፣ ልጄ።» ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ሰይድ ሸንኮራ ገምጦ ግማሹን ሰጠኝ። ማኘክ አቃተኝ። ቤት ስደርስ አባቴ፣ «ምን ያስለቅስሻል? አሰብ የት ይሄዳል? ሌላ ጊዜ ታይዋለሽ» አለኝ። እኔም አመንኩት። ከዓመታት በኋላ ድንበር መጣ፤ መንገዱም ተዘጋ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ አወራሁላት። «ታዲያ ትክክል ነበርሽ ማለት ነው» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬ፣ ስሰማው አንዳች የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። ለካ እኔ የፈለግኩት ባሕሩን ነበር።