ሁለት ሳጥን፣ አንድ ቀስት

ባራንኪያ ከተማ ውስጥ፣ በሮሲሪስ ቻሪስ ሰፈር፣ የማን ባል የት እንዳመሸ ሚስቱ ሳትሰማ ጎረቤት ይሰማል። ሮሲሪስ ደግሞ ከሰሚዎቹ ሁሉ ግንባር ቀደሟ ናት። እንዲህ ያለች ሴት የገዛ አበልጇ ምን ሠርታ እንደምታድር ሳታውቅ መኖሯ ሰፈሩን እስከ ዛሬ ያስቃል። ያን ቀን ግን እሷ አልሳቀችም።

ሥራዋ ፕሮፖዛል መጻፍ ነው። ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ እርስ በርስ የማይግባቡ የኮምፒውተር ሲስተሞችን የሚያስተሳስር ትንሽ ድርጅት አለ። ኮዱን የቢሮው ልጆች ይጽፋሉ፤ ደንበኛውን አባብላ የምታስፈርመው እሷ ናት። «ሮሲሪስ ከጻፈችው ድንጋይም ይፈርማል» ይላል አለቃዋ ዊልፍሪዶ። በዚያ ሰሞን ግን ድንጋይም አልተገኘም። ዊልፍሪዶ ወጪ ለመቀነስ የአየር ማቀዝቀዣውን ካጠፋው ሰንብቷል፤ በባራንኪያ ሙቀት ይህን የሚያደርግ ሰው ወይ አብዷል ወይ ቢሮውን ሊዘጋ ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ዊልፍሪዶ አላበደም።

በዚህ መሃል ላ ጋርሳ መጣ። ባሕር ዳርቻውን ሁሉ አይብና እርጎ የሚያበላ ድርጅት ነው። ሽያጩን በአንድ ሲስተም ይመራል፣ መጋዘኑን በሌላ፤ ሁለቱን በደንብ አስተሳስሩልኝ አለ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር አማውሪ አንድ ሥዕል ላከላት፦ ሁለት ሳጥን፣ በመሃላቸው አንድ ቀስት።

ሮሲሪስ ደወለችለት። «ቀስቱ ምንድን ነው?»

«ነባሩ ማገናኛ ነዋ። ትዕዛዙን ከሽያጭ ይቀበልና ለመጋዘን ያስተላልፋል።»

«በምን ተሠርቶ?»

አማውሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቆየ ነገር ነው፤ ባትነካኩት ይሻላል። ይዘገያል እንጂ ይሠራል። በካርኒቫል በዓል ሰሞን ብቻ ይቆማል።»

«በካርኒቫል ደግሞ ለምን?»

«ኧረ ሮሲሪስ፣ በዚህ ከተማ በካርኒቫል የማይቆም ምን አለ?»

ሳቀችና ስልኩን ዘጋች። የዚህ ሙያ ሰው ሥዕል ላይ ቀስት ካየ አይጠራጠርም፤ ቀስት ማለት ኮድ ነው፣ አለቀ። እጇን አሟሙቃ ጻፈች፦ «ነባሩ ማገናኛ ያረጀ፣ ዘገምተኛና ጥገና የማይመልሰው በመሆኑ በመጀመሪያው ወር ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ይወገዳል።» ለዊልፍሪዶ ጮክ ብላ ስታነብለት አጨበጨበላት።

ፕሮፖዛሉ በሚቀርብበት ጠዋት ቀደም ብላ ላ ጋርሳ ደረሰች። የሚነቀለውን ነገር ፎቶ አንስታ ብታሳይ ደንበኛ ደስ እንደሚለው ታውቃለች። አማውሪ ገና አልመጣም። ዘበኛውን «ትዕዛዝ ወደ መጋዘን የሚያልፍበት ማሽን የት ነው?» ብትለው፣ ግራ እየተጋባ ከቀዝቃዛው መጋዘን ጀርባ ወዳለች ክፍል ወሰዳት።

በሩን ከፈተች። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ስክሪን አለ። ፊት ለፊታቸው ሹራብ የደረበች፣ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ሴት፣ ዓይኗን በግራው ስክሪን ተክላ ጣቶቿን በቀኙ ቁልፎች ላይ ታሯሩጣለች። ግድግዳው ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ፎቶ ተለጥፏል። የሮሲሪስ ልጅ፣ ሜይሊን፣ የቆረበች ቀን።

ሮሲሪስ ክው አለች። «አበልጄ?»

ኤዲልሳ፣ ሜይሊንን ክርስትና ያነሳቻት ኤዲልሳ፣ ዘወር አለች። «ውይ በሞትኩት! ሮሲ! ማን አስገባሽ?»

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን እሠራለሁ፤ ከዚህ አነባለሁ፣ እዚያ እጽፋለሁ። ‘አይብ ሃያ ሳጥን፣ ወደ ሶሌዳድ’ ሲል ‘አይብ ሃያ ሳጥን፣ ወደ ሶሌዳድ’ ብዬ እመታለሁ። አማውሪ ማገናኛውን ሠርቶ እስኪጨርስ ለጥቂት ቀን ያዢልኝ ብሎኝ ነው።»

«መቼ?»

«ሜይሊን ጡት ስትጠባ። ይኸው ዛሬ ከንፈሯን ትቀባለች።»

ሮሲሪስ ወደ ፎቶው ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሰዉን ሁሉ ጉድ ስታወሪ መቼ ተራ ደረሰኝ?»

«በካርኒቫል የሚቆመውስ...»

«እጨፍራለኋ! አንቺስ በየዓመቱ ከማን ጋር ነው የምትጨፍሪው?» ኤዲልሳ እየሳቀች እጇን ዘረጋችና ሮሲሪስ ሳትከለክላት ፕሮፖዛሉን ከብብቷ ሳበችው። ገለጥ ገለጥ አደረገች። ማንበብ ልማዷ ነው፤ ድምፅ አውጥታ አነበበች፦ «ያረጀ... ዘገምተኛ... ተነቅሎ ይወገዳል።» ቀና አለች። ሳቋ ጠፍቷል። «ይሄ ማን ነው፣ ሮሲ?»

ሮሲሪስ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደች።

«ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት? በአንቺ እጅ?»

ፎቅ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ጠበቋት፤ የላ ጋርሳ ሥራ አስኪያጅ ዶን ኡባልዶ፣ አማውሪ፣ ያለችውን አንዲት ሙሉ ልብስ የለበሰው ዊልፍሪዶ። ዝም ብትል ፊርማው እጃቸው ነው፣ ቢሮው ይተርፋል፣ ኤዲልሳ ትወጣለች። ብትናገር አማውሪ ይጋለጣል፣ ዶን ኡባልዶም ይቆጣና ሁሉንም ያባርር ይሆናል። ማንበብ ጀመረች። «ተነቅሎ ይወገዳል» የምትለው ገጽ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዶን ኡባልዶ፣ የሚወገደውን ነገር መጀመሪያ በዓይንዎ ቢያዩት?»

«አያስፈልግም!» አማውሪ ከወንበሩ ዘለለ። ፊቱ የላ ጋርሳን አይብ መስሏል።

ድንጋጤውን ያየው ዶን ኡባልዶ ለማየት ይብስ ጓጓ። ተከታትለው ወረዱ። በሩ ሲከፈት ዶን ኡባልዶ ግራና ቀኝ አየ፤ ሴትዮዋን አልፎ ማሽን ፈለገ። «የታለ?»

«እሷ ናት» አለች ሮሲሪስ። «ቀስቱ እሷ ናት።»

ዶን ኡባልዶ ሁለቱን ስክሪኖች እንደገና አየ። ለቦርዱ በየዓመቱ «ሁለቱ ሲስተሞች ተሳስረዋል» እያለ ደረቱን ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። «አማውሪ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ይሄ እኮ ሰው ነው!»

«ነኝ ጌታዬ» አለች ኤዲልሳ መተየቧን ሳታቋርጥ። «ዛሬም ቢሆን ልብ ማለትዎ አይከፋም።»

ያን ቀን ማንም አልፈረመም። ዊልፍሪዶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ከረባቱን ፈታ፤ ሮሲሪስን ቀና ብሎ ሊያያት እንኳ አልቻለም። በሳምንቱ ግን ላ ጋርሳ ደወለ፤ ዶን ኡባልዶ ከቦርዱ ስብሰባ በፊት እውነተኛ ማገናኛ እንዲኖረው ቸኩሏል። ሮሲሪስ ያቺን ገጽ ቀድዳ እንደ አዲስ ጻፈች፦ አዲሱ ማገናኛ የሚያሳልፈውን ትዕዛዝ ወይዘሮ ኤዲልሳ ባራሳ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፎቅ ላይ ሆነው ይቆጣጠራሉ። ዶን ኡባልዶ ሳያንገራግር ፈረመ። አንድ ነገር ብቻ ከራሱ ጨመረ፤ ልጆቹ ኮዱን እስኪጨርሱ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ወንበር አማውሪ እንዲይዘው አዘዘ። ለጥቂት ቀን።

ኤዲልሳ ሹራቧን አዋሰችው። ለሮሲሪስ ግን እስካሁን አልራራችላትም። በሜይሊን ልደት «አበልጄ፣ ጭማቂውን አቀብይኝ» ብትላት፣ ኤዲልሳ ወንበሯን ወደ ኋላ ተደገፈች።

«ጠብቂ» አለች። «ያረጀሁና ዘገምተኛ ነኝ።»