የአባቴ ዝሆን እግር

ለሞኝነት ዲግሪ የሚሰጥ ቢሆን እኔ ዶክተር ነበርኩ። የአባቴን ቤት ከምስጥ አድናለሁ ብዬ ዙሪያውን ሲሚንቶ ያፈሰስኩ ሰው ነኝ።

ቤቱ ያለው ዶርዜ ነው፤ ከቀርከሃ የተሸመነ። የኛ ሰው ቤት ሲሠራ ዝሆን ነው የሚሠራው፤ ወደ ፊት ወጣ ያለው በር ኩምቢ፣ ከላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን፣ የቀረው ሆድ። ድሮ ዝሆን እዚህ ነበር ይላሉ። ዝሆኑ ሄደ፣ መልኩ እኛ ጋ ቀረ። አባቴ ሚስት ያገባው እዛ ውስጥ ነው፤ እናቴም ስትሞት የወጣችው በዛው በር ነው። ለራሱም የሚመኘው ይሄንኑ ብቻ ነበር። "እኔም በዚሁ በር ነው የምወጣው" ይላል።

ታዲያ ቀርከሃውን ምስጥ ከሥር ይበላዋል። ቤቱ እንደ ሽማግሌ እያደር ያጥራል። ዘዴው የታወቀ ነው፤ የተበላው ይቆረጣል፣ ከውስጥ እንጨት ይታሰራል፣ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ምስጥ ወደሌለበት ይወስደዋል። አባቴ "ሰው ጥራልኝ" አለኝ።

ፈራሁ። ሳቅ ፈራሁ። ባለፈው የጎረቤት ቤት ስንሸከም፣ አርባ ምንጭ ሳስተምር ያሳደግኩትን ቦርጭ ይዤ እንጨቱ ሥር ገባሁና ገና ሳንራመድ ማለክለክ ጀመርኩ። አንዱ "መምህር፣ እየተሸከምክ ነው ወይስ ተሸክመንህ ነው?" ሲል ቤቱ እስኪነቃነቅ ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። በራሴ ለመቀለድ ማንም አይቀድመኝም፤ ሲቀድሙኝ ግን ያመኛል።

"አባባ፣ ሰው ምን ያስቸግራል? ዘመኑ የሲሚንቶ ነው" ብዬ ከከተማ አስጭኜ መጣሁ። አባቴ ጆንያዎቹን ዞሮ አይቶ ወደ ውስጥ ገባ። ተስማማ ብዬ አፈሰስኩ።

ክረምት ገባ። ሲሚንቶው ውሃውን አቁሮ ቀርከሃውን ከሥር አበሰበሰው። ቤቱ ወደ ኩምቢው ዘመም ሲል ጎረቤት ሳይጠራ መጣ። እንጨት አስረው ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ያን ቀን የቀለደብኝ የለም። "ሆ!" ብለን ስናነሳው ላዩ መጣ፣ እግሩ ሲሚንቶው ውስጥ ቀረ። እየተጋፋን ከመውጣታችን ከወገቡ ተሰንጥቆ ተኛ።

ዝሆን የሞተ ዘመዱን ከቦ ይቆማል ብዬ ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። ሰዎቹም እንደዛ ቆሙ። ማንም አልተናገረኝም። ምናለ በሰደቡኝ።

አሁን አባቴ ከፈረሰው ቤት አጠገብ በሠራሁለት የቆርቆሮ ቤት ይኖራል። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው እየጮኸ እርስ በርስ አንሰማማም። አንድ ቀን ላስቀው ብዬ "አባባ፣ ይሄኛውን እንኳ ምስጥ አይበላውም" አልኩት።

በሩ ላይ ተቀምጦ መሬት ላይ የቀረውን ክብ ሲሚንቶ ሲያይ ቆየ።

"ዝሆኑ እንኳ ከዚህ አገር ሲሄድ በእግሩ ነው የሄደው" አለኝ።