የትኩስ ሻይ ሻምፒዮን

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ቢስቲማን ጨምሩበት፣ ኩታበርንም አትርሱ፣ በዚህ ሁሉ አገር ከእኔ የበለጠ ትኩስ ሻይ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ሌላው ሻዩን እፍ ሲል፣ ሲያማስል፣ ብርጭቆውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዘዋውር፣ እኔ ከማንቆርቆሪያው እንደወረደ ጭልጥ አድርጌ ባዶውን አስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን የጠጣሁት ሻይ ሆዴ ውስጥ ሲንተከተክ ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች ሰሙት ተብሎ ተወርቷል። ወሬውን ያስወራሁት እኔው ነኝ።

ሻዩ ደግሞ ለብ ያለ ነበር።

ያ ግምገማ የሚያበዛው አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ ማሸጊያ ክፍል እሠራለሁ። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት አንዲት በዕድሜ የምትበልጠን ሴት ሻይ ታፈላለች፤ ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ቅዳሜ ቅዳሜ የጧት ፈረቃ ስምንት ሰዓት ላይ ሲወጣ፣ እሷ ዘንድ ውድድር አለ። ሁለት ሰው ከአንድ ማንቆርቆሪያ ይቀዳለታል። እፍ ያለ ወይም ያገላበጠ ተሸነፈ። ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። ቅጣቱ፣ ተሸናፊው አሸናፊውን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ «እርስዎ» እያለ ይጠራዋል። ፈረቃ መሪያችንን እንኳ «አንተ» በምንልበት ክፍል፣ አብሮህ ካርቶን የሚያሽገውን ሰው «እባክዎ ማጣበቂያውን ያቀብሉኝ» ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት።

የመጀመሪያ ቀን እኔም እንደ ሰው ትኩሱን ጠጥቼ ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ላብ ነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ በእርጎ ኖርኩ። እታለም ግን ገብቷታል። ወሬዬ ሰው እንደሚሰበስብላት ታውቃለች፤ አዘነችልኝም መሰለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ስገባ በዓይኗ ጠቀሰችኝና የእኔን ብርጭቆ በፈላ ውሃ አለቀለቀችው። መስታወቱ ጣት ያቃጥላል። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ከጧት ጀምሮ የቀዘቀዘ ሻይ ካስቀመጠችበት ጣሳ ከግማሽ በላይ ሞላችበት፤ ከላይ ትንሽ ትኩስ ጨመረችበት። የተጠራጠረ ሰው ብርጭቆዬን ቢነካ ጣቱን ይሰበስባል። አንድም ቃል ሳንነጋገር ለስድስት ዓመት እንዲህ ሠራን።

እነዚያን ስድስት ዓመታት በየቅዳሜው የሚሸነፈው አንድ ሰው ነበር። ከቢስቲማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ከእኔ ማሽን ፊት ለፊት የሚቆም፣ ትከሻው በር የሚያክል ጓደኛዬ። ይህ ሰው መዋሸት ስለማይችል ሌላውም የሚችል አይመስለውም ነበር። እሱ የሚጠጣው የምሩን ነው። ሁልጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ሲቀረው እኔ ጨርሻለሁ።

«ወላሂ፣ የእርስዎ ጉሮሮ ከምን እንደተሠራ አንድ ቀን አውቀዋለሁ» ይለኛል።

«ከቆርቆሮ» እላለሁ።

«እደርስብዎታለሁ፣ አብሽር ይበሉ።»

ሊደርስብኝም ይለማመድ ነበር። ሚስቱ ሾርባውን፣ አጥሚቱን፣ ወተቱን ሳይቀር እየፈላ እንድታቀርብለት አዝዟታል። በረመዳን ሰው ሁሉ በቴምርና በውሃ ሲያፈጥር፣ እሱ ቴምሩን ጎርሶ በቀጥታ ወደሚፍለቀለቀው ሾርባ ይሄዳል። ይህንን ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ስቄያለሁ። ጨምሬበት ለክፍሉ ሁሉ አውርቻለሁ፤ በእኔ አፍ ሾርባው ከነምድጃው ነበር የሚቀርብለት።

ከዚያ ዶክተሯ መጣች።

ከደሴ በሚኒባስ ወርዳ፣ ጥቁር ቦርሳና ወፍራም ደብተር ይዛ እታለም ዘንድ ቁጭ አለች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ደብተር የያዘ ሰው ስናይ ያን ጊዜ ለሁላችንም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየን፤ ግምገማ። ግማሹ ሰው ሻዩን ጥሎ ሊሄድ ሲነሣ ነገሩ ገባትና፣

«ማንንም ልገመግም አልመጣሁም» አለች። «ደሴ ሆስፒታል ምግብ መዋጥ አቅቷቸው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ጉሮሯቸው ውስጥ ካንሰር የወጣባቸው። ምን ሲበሉና ምን ሲጠጡ እንደኖሩ እየጠየቅኋቸው ነው። ጤነኛ ሰዎችንም ያንኑ ካልጠየቅሁ ግን ልዩነቱን አላውቀውም።»

በጎ ፈቃደኛ ስትል መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነኝ።

«አብዛኛውን ጊዜ ምን ይመገባሉ?»

«የቀረበልኝን፣ ዶክተር። የቀረበልኝ ሲያልቅ የጎረቤቴን።»

ሰው ሳቀ። እሷ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ጎረቤትዎስ ምን ይመገባሉ?» አለች። በሕይወቴ ቀልዴን እንደዚያ በቀላሉ የተቀበለኝ ሰው የለም።

በሳምንት ስንት ቀን ጎመን፣ ስንት ቀን ሥጋ፣ በርበሬ ምን ያህል፣ አረቄ ይጠጣሉ ወይ፣ እህሉ የሚቀመጠው በምን ነው እያለች ቀጠለች። ሥጋ ከጾም በስተቀር በየቀኑ አልኩ። እውነቱ ከበዓል እስከ በዓል ነበር። እንዲህ እየዋሸሁ ደህና ስሄድ፣ ከቦርሳዋ ረጅም ቴርሞሜትር አወጣች።

«ትኩስ ነገር ሲጠጡ ምን ያህል ትኩስ እንደሆነ በወሬ አይታወቅም። ሁሉም የራሱን ለብ ያለ ነው ይላል። ስለዚህ እንደ ልማድዎ ይቀዳልዎታል፤ ሊጠጡት ሲያነሡ ‹ቆይ› እልና እለካዋለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ዶክተር፣ ቴርሞሜትሩ ይፈነዳል» ያለ አለ። እኔ ወደ እታለም አየሁ፤ እታለም ወደ እኔ። ጣሳዋ ከጀርባዋ ናት። ያቺ የመስታወት ዘንግ ብርጭቆዬ ውስጥ ብትገባ የስድስት ዓመት ዝናዬ በቁጥር ተጽፎ መውረዱ ነው። ጣሳውን ተይው በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። እታለም ገባትና ከማንቆርቆሪያው የምሩን ሞላችልኝ።

ዶክተሯ ለካች። ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ።

«በእውነት እንዲህ ነው የሚጠጡት?»

«ዛሬ እንኳ በረድ ብሏል።»

ተጎነጨሁ። የላንቃዬ ቆዳ ተገፍፎ ሲነሣ ተሰማኝ። ሻዩ ወደ ታች አይሄድ፣ ወደ ውጭ አይወጣ። አፌን ዘግቼ ፈገግ እንዳልኩ ተነሥቼ ከአጥሩ ጀርባ ሄድኩና ተፋሁት። ስመለስ ጽፋ ጨርሳለች።

ቀጥሎ ጓደኛዬ ተቀመጠ።

«የእሳቸው ስንት ሆነ?» አላት።

«የሌላ ሰው መልስ አልናገርም።»

እኔ ከጀርባዋ ቆሜ በጣቶቼ ቁጥሩን አሳየሁት። ካየሁት ላይም አምስት ጨመርኩበት፤ መጨመር ልማዴ ነው።

«እታለም፣ እንደገና አፍልተሽ ስጪኝ» አለ።

«እንደ ልማድዎ ይጠጡ እንጂ አይወዳደሩ» አለችው ዶክተሯ።

«ልማዴ መወዳደር ነው፣ ዶክተር።»

ጠጣው። እሷም ጻፈች። ከዚያ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረሰች፤ «ሲውጡ ምግብ ጉሮሮዎ ላይ ያዝ ያደርግዎታል?»

ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየን። ሁላችንም እያዳመጥን ነበር። «ወላሂ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «የለም» አለ በደረቁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ መሐላውን ግን አላስነካውም።

እኔ አውቅ ነበር። ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ የዳቦውን ቅርፊት እየላጠ ይጥላል፣ እንጀራውን ወጥ ውስጥ ዘፍዝፎ እስኪሟሟ ይጠብቃል፣ በየጉርሻው ውሃ ያስከትላል። «ሙሽሪት» የሚል ስም ያወጣሁለትም በዚሁ ነው። ክፍሉ ሁሉ ሙሽሪት ይለው ነበር።

ዶክተሯ ልትሄድ ስትል ለብቻዬ ጠራችኝ። ብዙ የሚያወራ ሰው ብዙ ያውቃል ብላ ይሆናል። «እርስዎ ሁሉንም ያውቃሉ። እዚህ መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው አለ? ካለ ቶሎ ላየው እፈልጋለሁ።»

«ዶክተር፣ እዚህ የሚያስቸግረን መዋጥ አይደለም፤ የሚዋጥ ማግኘት ነው።»

ትንሽ ፈገግ ብላ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። በዚያ ቀልድ ሁለት ቀን ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ ጓደኛዬ ዳቦ እየበላ ድንገት ዞሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሰጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብዬ ብጠጋ መሐረቡ ላይ እየተፋው ነው፤ ዓይኑ በእንባ ሞልቷል።

«ለማንም እንዳይናገሩ» አለኝ።

«ደሴ ሂድ። ያቺ ዶክተር ትይህ።»

«አንድ ቀን ላሸንፍዎትና እሄዳለሁ።» እየሳቀ ነው፣ ግን የምሩን ነበር። «አሁን ብተወው ፈርቶ ተወ ይባላል። ይልቁንም እርስዎው ነዎት የሚሉት።»

እውነቱን ነው፤ እል ነበር። በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ማለት ይበቃኝ ነበር፤ የእኔ ሻይ ቀዝቃዛ ነው፣ የምትወዳደረው ከማንም ጋር አይደለም። ያቺ ቃል እንደዚያ ቀኑ ሻይ አፌ ውስጥ ቀረች።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ደሴ ወጣሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተሳፈርኩት ሰውዬ ደሴ ስደርስ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ዶክተሯ ጠባብ ክፍል ውስጥ በደብተር ክምር መሐል ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኳት። ጣሳውን፣ የተለቀለቀውን ብርጭቆ፣ ከአጥሩ ጀርባ የተፋሁትን፣ በየቀኑ በላሁት ያልኩትን ሥጋ። ለእሷ መናገር ቀላል ነበር፤ እሷ «እርስዎ» የምትለኝ ተሸንፋ አይደለም።

ምንም አልተቆጣችም። ደብተሩን ገልጣ ገጼን አገኘችና በማስመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችው።

«የእርስዎ አይቆጠርም» አለች።

«ዶክተር፣ ያሳመመው ሻዩ ነው?»

«አላውቅም። የሚበላው ሊሆን ይችላል፣ እህሉ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ብዙ ነገር። በጣም ትኩስ ነገር እጠረጥራለሁ፤ መጠርጠር ግን ማወቅ አይደለም። ለማወቅ እኮ ነው እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ኮምቦልቻ ድረስ የምወርደው።»

ደብተሩን ዘጋችው።

«በዚህ ሳምንት ያምጡት» አለች። «እስከዚያ የሚጠጣውን ሁሉ አቀዝቅዞ ይጠጣ። እርስዎን ይሰማል?»

«እኔን ብቻ ነው የሚሰማው።»

«እንግዲያው ይንገሩት።»

አመጣሁት። ያመጣሁት ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ ብላሃለች ብዬ ነው። ሐረጎን ስንወጣ፣ በሚቀጥለው ጠመዝማዛ ላይ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያም በሚቀጥለው። ሐረጎ ሺህ ጠመዝማዛ አለው ብዬ ማጋነን እችላለሁ፤ ሺህም ቢኖረው አልነገርኩትም ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ በአፉ ቱቦ አስገብተው አዩት፤ ለምርመራም ከጉሮሮው ቁራጭ ወሰዱ። ውጤቱ ዶክተሯ የፈራችው ሆነ። አዲስ አበባ ልከውት ሲመለስ ያ በር የሚያክል ትከሻ የሌላ ሰው ሆኗል።

ቤቱ ልጠይቀው ሄድኩ። ሚስቱ ለእሱ ለብ ያለ ወተት አስቀምጣለታለች፤ ለእኔ ሻይ አቀረበች። በዚያ ቤት ልማድ እየፈላ ነው። እሱ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ውድድሩ ከቀረ ወራት ቢያልፈውም «እርስዎ» ማለቱን አልተወም።

«ይጠጡ እንጂ። እኔ ከእንግዲህ አልችልም፤ እስቲ የሚችል ሰው ልይ።»

ብርጭቆውን አነሣሁት። ጣቴን አቃጠለኝ። መልሼ አስቀመጥኩትና ወሬ ጀመርኩ። ስለ ፈረቃ መሪው፣ ስለ አዲሱ ማሽን፣ እታለም ዘንድ ተሰበረ ስለተባለው አግዳሚ ወንበር፤ አንዱን ከአንዱ እየቀጠልኩ፣ እያጋነንኩ። እሱ ደረቱን ይዞ ይስቃል። ሚስቱ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር፤ እሷም ሳቀች። እኔ በየመሐሉ ብርጭቆውን በጣቴ ጫፍ እነካለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራሁ። በረድ ማለቱን ሳረጋግጥ አነሣሁና ጭልጥ አደረግሁት።

«ማሻአላህ» አለ፣ ትራሱ ላይ እየተመለሰ። «በእርስዎ መሸነፍ አያሳፍርም።»

ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። ለቅሶው ላይ እኔና እታለም ትይዩ ተቀምጠን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ዋልን። በኋላ ሰዎች፣ ያ ሻይ ነው የገደለው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ዶክተሯ ያለችኝን እላለሁ፤ አይታወቅም። ያን ለማለት መብት ያላት እሷ ናት፤ እኔ እንደ መደበቂያ ነው የምጠቀምበት። የማውቀውን ግን አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አፉን ያቃጠለው እኔን ሊያሸንፍ ነው፤ ያልነበረ ተወዳዳሪን።

ትኩስ ሻይ መጠጣት አልችልም። ችዬም አላውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ ባለቤቴ ሻዬን በሁለት ብርጭቆ እያገላበጠች፣ እንደ ሕፃን አቀዝቅዛ ነው የምትሰጠኝ።