ለሽልማት የታጨው ለቅሶ

ፊልም እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የምሳደበውን ስድብ ከጥላቻ እንዳትቆጥሩብኝ ነው። ደብረ ታቦር አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት ዘመን የአማርኛ ፊልም በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በሲዲ እየመጣ ይጎርፍ ነበር፤ ከገበያው ጀርባ ያለው ቪዲዮ ቤትም ሁለተኛ ቤቴ ሆነ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተዋናዮቹ አፋቸውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት፣ አግዳሚው ወገብ ይቆርጣል፣ ብርዱ አይነሳ። ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ካመለጠኝ ሳምንቱን ሙሉ ያመኝ ነበር። ስለዚህ የፊልም አፍቃሪ የሚባለውን ፍጥረት ከውስጥ አውቀዋለሁ። ጨካኝ ነው።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ገሳይ ነበር የሚኖሩት። ሙሾ አውራጅ ነበሩ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱ ይጠራሉ፣ ቀጥሎ እሳቸው። ለሟቹ የሚገባውን ግጥም እዚያው ቆመው ያወጣሉ፣ ለቀስተኛው ተቀብሎ ይደግመዋል። ሚስቱ ስትሞት ዓይኑ ያልረጠበ ገበሬ በእሳቸው ሙሾ ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ግንባር ሄዶ ቀረ። መርዶው ሲመጣ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ያላቸው ሙሾው ብቻ ነበር። ያን ሙሾ ለማንም ደግመውት አያውቁም ነበር።

ባላቸው ደግሞ ደረታቸው እየታፈነ ክረምት በገባ ቁጥር ዘንድሮስ አልወጣውም ይሉ ነበር። ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር እኔው ፊት የሚሏቸው አንድ ነገር ነበራቸው፦

«የሰውን ሁሉ ለቅሶ ስታሳምሪ ኖረሽ የእኔን ካበላሸሽው አልምርሽም።»

አክስቴ ይስቃሉ፤ ብቻ ቀድመውኝ ይሂዱ እንጂ አገር ነው የሚያወራልዎ ይሏቸዋል። እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ያለ ሙሾ አፈር የገባ ሰው ወገን እንደሌለው ይቆጠራል፤ ሽማግሌው ከሞቱ ይልቅ ይህን ነበር የሚፈሩት።

አንድ ዓመት የፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጡና የቀብር ትዕይንት ገሳይ ላይ እንቀርፃለን አሉ። አክስቴን አልቅሱልን ሲሏቸው እንቢ አሉ። በቁም ያለን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ሬሳ ሆኖ የተኛው ተዋናይ ለግላጋ ልጅ ነው፣ ጋቢ ተሸፍኖ ይስቃል፣ እናት አለችው። ዳይሬክተሩ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው፣ የአካባቢው ሽማግሌ ሳይቀር ለመነ። እንግዳ ማሳፈር አይሆንላቸውም፤ በመጨረሻ እሺ አሉና የራሳቸውን መላ ፈጠሩ። ሟርቱ በሰው ልጅ ላይ እንዳይወድቅ፣ ዓይናቸውን ከቃሬዛው ላይ አንስተው ለገዛ ልጃቸው አለቀሱ፦

በሩን አትቀርቅሩ፣ ወጡም ገና አይውጣ፤
ልጄ አምሽቶ ነው፣ ሁሌ የሚመጣ።

ካሜራ የያዘው ልጅ እንኳ አፍንጫውን በእጅጌው ሲጠርግ ነበር አሉኝ።

ፊልሙ ወጣ፣ ታየ፣ ተወደደ። የዓመቱ የፊልም ሽልማት እጩዎች የሚታወቁበት ቀን ሲደርስ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፊልሙን አቁሞ ሬዲዮውን በድምፅ ማጉያ ለቀቀልን። ቤቱ ጢም ብሏል። ለምርጥ ረዳት ተዋናይት የታጩት ሲጠሩ የአክስቴ ስም ተጠራ። ምን አለፋችሁ፣ አግዳሚው ተገለበጠ፣ የማላውቀው ሰው አቀፈኝ፣ ፉጨቱ ጆሮ ይበጥሳል። እኔም ዘለልኩ። የገሳይ ሴት ከከተማ ኮከቦች ጋር!

ደስታው አንድ ሻይ እንኳ አላስጠጣንም። በዚያው ዘርፍ አንዲት ዝነኛ የአዲስ አበባ ተዋናይት ታጭታለች፤ የቪዲዮ ቤቱ ግማሽ ደግሞ ለእሷ ሊሞትላት ነው። ከእነሱ አንዱ፣ በሬዲዮ የሰማውን ትችት ሁሉ በቃሉ የሚያነበንብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወንበር ላይ ወጣ። ሴትየዋ አልተወኑም አለ። የእውነታቸውን ነው ያለቀሱት፤ የእውነት ማልቀስ ትወና ከሆነ ሆስፒታል በር ላይ የቆመ ሁሉ ይሸለማ። የእሱ ወገኖች በሳቅ ፈረሱ። ይህስ ከተቃራኒ ወገን ነው አልኩ።

የእኛዎቹ መልስ ነው የገደለን። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የአክስቴ ደጋፊዎች አለቃ ሆኖ ተነሳና፣ ምን እውነት አለው፣ ጥርት ያለ ትወና ነው እንጂ አለ። ሴትየዋ እንባቸውን ባሻቸው ሰዓት ነው የሚያወርዱት፣ ስንት ዓመት የሰሩበት ሙያ ነው፣ የሞተባቸው ልጅም የለ። እነዚያ ሲንጫጩ እነዚህ አጨበጨቡ። ብድግ ብዬ ያለቀሱለት የወለዱት ልጃቸው ነው፣ አብሬው ነው ያደግሁት፣ ግንባር ሄዶ ነው የቀረው ማለት ስጀምር ሰውዬው ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ዝም በይ መምህርት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልጅ ነበራቸው ካልሽ ይሸነፋሉ።»

እግዜር ይይለት! ክፋት እንኳ አልነበረበትም። ከልቡ ነበር እንዲያሸንፉለት የፈለገው።

ድምፅ የሚሰጠው በስልክ መልእክት ስለነበር ወሬው ከመልእክቱ ጋር ዞረ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ መምህራን ማረፊያ ሳይቀር የምሰማው አንድ ነው፤ ለዚያች ለትወናዋ ንግሥት ድምፅ ስጡ፣ ልጅም ሳይኖራት እንዲያ አስለቀሰችን። አንቱታውም ቀረ። ባረምኳቸው ቁጥር ይቺ ደግሞ የማን ደጋፊ ናት ብለው ያዩኛል። በገበያ ቀን ወሬው ገሳይ ደረሰ። ልጃቸውን ክርስትና ያነሱት ጎረቤት እንኳ እየሳቁ፣ ለካ እስከ ዛሬ ሲያታልሉን ነው የኖሩት አሏቸው። አክስቴ ኋላ ለእኔ ሰው ዓይኔን ነው የሚያየው፣ እንባው ከየት እንደሚወጣ ሊያውቅ አሉኝ።

ድምፅ መስጫው ሳይዘጋ ባላቸው ሞቱ።

እንዲያ ያለ ለቀስተኛ ገሳይ አይቶ አያውቅም። ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ተጭነው መጡ፤ ሟቹን አንድ ቀን ያላዩ፣ ስማቸውን የማያውቁ፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው የያዙ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከነደጋፊዎቹ ከፊት ቆሟል። አክስቴ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሱና ለባላቸው የገጠሙትን አዲስ ሙሾ አወረዱ። ድምፃቸው ተሰበረ፣ አስተካከሉት፣ የሚቀበላቸውን ጠበቁ።

የተቀበለ የለም። ሙሾ ተቀባይ ከሌለው አይቆምም፤ ሰዉ ግን ሊያይ ነው የመጣው እንጂ ሊያለቅስ አይደለም። እኔ ብቻዬን ልቀበል አፌን ስከፍት ከጎኔ ያሉት ዝም በይ፣ እንስማበት አሉኝ። አንዷ እዩልኝ እንባዋ ሲመጣላት ትላለች። ሌላው የፊልሙ ይበልጣል ይላል። አክስቴ ደገሙት፤ አሁንም ጭጭ። ይሄኔ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ነጠላውን አደግድጎ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፦

«እሜቴ፣ ያቺን የበሩን ይበሉልን እስቲ» አላቸው።

ከኋላው ብዙ ሰው አዎ፣ የበሩን፣ የበሩን አለ።

አክስቴ ቃሬዛውን አዩ። ሕዝቡን አዩ። ቁጣ የሚያወርዱ መስሎኝ ነበር፤ ምነው ባወረዱት። ድምፃቸው ደረቅ ነበር።

«እንግዲያው አጨብጭቡ» አሉ።

አጨበጨቡ። ከልባቸው ነው ያጨበጨቡት፤ ሬሳው መካከላቸው እያለ፣ ቄሶቹ አፋቸውን ይዘው እያዩዋቸው። አክስቴ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ሽማግሌው ያለ ሙሾ አፈር ገቡ።

ወደ ደብረ ታቦር የተመለስኩት ከእነሱው ጋር ነው፣ ሌላ መኪና አልነበረም። ከኋላ ወንበር ያሉት ክርክር ይዘዋል፤ መጨረሻ ላይ በነጠላ የተሸፈኑባት ነገር ፊልሙ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ሽልማቱ ያለቀለት ነበር አሉ።