ያላየሁትን ፍሬ የሳልኩበት ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ለሥልጠና ከሄደችበት ከቱርክ ስትመለስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቢጫ ፍሬ ከሻንጣዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አባዬ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?» አለችኝ። ማወቅስ አውቀዋለሁ። ሆዱ እንደ ብርቱካን የተስተካከለ አይደለም፤ እዚህ ጋ ያበጠ፣ እዚያ ጋ የጎደጎደ ነው። ላዩ ላይ እንደ ጫጩት ላባ ያለ ስስ አመድማ ጸጉር አለው። ሽታው ግን አዲስ ሆነብኝ፤ ዘይቱንና ሎሚ አንድ ቅርጫት ውስጥ አብረው ያደሩ ይመስላል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የያዝኩትን ይህን ፍሬ፣ ገና ወጣት ሳለሁ እዚሁ ሶዶ ውስጥ ስዬው ነበር።

ያኔ ሶዶ ባጃጅ አታውቅም፤ የምንሄደው በእግር ወይም በጋሪ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ፣ አክስቴ ቤት ተጠግቼ የሱቆችን ስም በቀለም እጽፍ ነበር። አባቴ ሁምቦ ገጠር በቆሎ አራሽ ነበር። ለእሱ ሥዕል የልጅ ጨዋታ ነበር። በቆሎው እስኪሰበሰብ ብቻ ሊታገሠኝ ተስማማ፤ እስከዚያ ሰው የሚያውቀው ሥራ ካልያዝኩ መጥቶ ወደ እርሻው እንደሚወስደኝ ነገረኝ።

ከወላይታ አዲስ ዓመት ከጊፋታ በዓል ማግስት፣ የዳሞታ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉሙን መግፈፍ ሲጀምር፣ እትዬ ዘነበች መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት ከፈቱ። አያታቸው ከሰሜን በሹመት የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው ያደጉ፣ ወላይትኛውን እንደኛው የሚያቀላጥፉ ነጋዴ ነበሩ። ከመንገድ የሚታየውን ትልቁን ግድግዳ ሰጡኝና፣ መንገደኛው ምራቁን እየዋጠ እንዲገባ የሚያደርግ ፍራፍሬ እንድስልበት አዘዙኝ። በስሜ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ይህ ነበር።

ፓፓያውን፣ ማንጎውን፣ አቮካዶውንና ሙዙን ፊቴ አስቀምጬ እያየሁ ሳልኩ። መሀል ላይ ግን ባዶ ቦታ ተረፈኝ። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ የውጭ አገር ቀን መቁጠሪያ ላይ ቆርጬ ያስቀረሁት የጥንት ሥዕል ነበረኝ፤ ጨለማ መስኮት፣ በክር የተንጠለጠለ ቢጫ ፍሬ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ምን ፍሬ እንደሆነ አላውቅም። ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ሲያርፍበት ግን የሚያስበው ነገር ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር። እሱን ሳልኩ። ጥቁሩን ደጋግሜ ደረብኩ፤ ስሱን ጸጉር በደረቅ ብሩሽ ጫፍ አወጣሁ። ጨርሼ መንገዱ ማዶ ቆሜ ሳየው፣ ፍሬው ከግድግዳው የወጣ መሰለኝ። እንደዚያ ያለ ነገር መሥራት እንደምችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

መዘዙ የመጣው ወዲያው ነው። የሚገባው ሰው ሁሉ ማንጎውን ትቶ ያንን ቢጫውን ማዘዝ ጀመረ። የለም ሲባል የሚያኮርፍ አለ። አንድ የዲምቱ መስመር ሾፌርማ ለባለሥልጣን ደብቀው ነው ብሎ መናኸሪያው ድረስ አወራ። እትዬ ዘነበች አስጠሩኝ።

«የሌለኝን ፍሬ ሰቅለህ ውሸታም አሰኘኸኝ» አሉኝ። «ለቅዳሜ ገበያ እንዳላየው፤ በኖራ አጥፋው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ኖራ ግን አልገዛሁም። ያ ሥዕል ከጠፋ የኔም ነገር አብሮት እንዳበቃ ነው የቆጠርኩት፤ ሠርቶ በኖራ ያስለቀለቀ ሠዓሊ ማን ሥራ ይሰጠዋል? የቀን መቁጠሪያውን ቅዳጅ ይዤ ታሪክ ወዳስተማሩኝ ወደ መምህር ሳሙኤል ቤት ሄድኩ። እሳቸው ያዩትን ነገር ሥሩን ሳያገኙ የማይተኙ ሰው ናቸው። ወፍራም መጽሐፋቸውን አውጥተው ሲያገላብጡ ቆዩና ስሙን አገኙት፤ ፈረንጆቹ ኩዊንስ፣ ዐረቦቹ ሰፈርጀል ይሉታል። አገሩ ከፋርስ ወደ ሰሜን ነው። ጥሬውን ቢነክሱት ጥርስ ያደነዝዛል፤ በስኳር ሲቀቀል ግን ቀይ ሆኖ ይጣፍጣል። ጥንት የአውሮፓ ሠዓሊዎች ይወዱት ነበር። ሔዋን የበላችው እሱን ነው የሚሉም አሉ።

በማግሥቱ አብረን ሄድን። መምህሩ ሁሉንም ለእትዬ ዘነበች አስረዱ። የሔዋን ወሬ ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋ አማተቡ፤ እኔም አለቀልኝ ብዬ ወለሉን አየሁ። መምህሩ ግን ቀጠሉ። በጥንቱ ግሪክ ሙሽራ ወደ ጫጉላ ከመግባቷ በፊት ይህን ፍሬ ትቀምስ ነበር፤ ከባሏ ጋር የምትነጋገረው የመጀመሪያው ቃል እንዲጣፍጥ ተብሎ።

እትዬ ዘነበች ዞረው ግድግዳውን አዩ። የእህታቸው ልጅ ሠርግ በዚያው ሰሞን ነበር።

«እንግዲያው የሙሽራ ፍሬ በለኛ» አሉኝ። «ቆይ፣ አትንካው።»

የእህታቸው ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እዚያ ግድግዳ ጋ ቆማ ፎቶ ተነሣች። ፎቶ አንሺው ፎቶውን ስቱዲዮው መስኮት ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ የሚያቆመን ጠፋ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ የከተማውም የገጠሩም ሙሽራ በዚያ በኩል ሳያልፍ አይሄድም። ሚዜዎቹ ጭማቂ ይጠጣሉ፤ እትዬ ዘነበችንም የለም ማለት አላሳፈራቸውም፤ የሙሽራ ፍሬ ለዓይን ነው ይሉ ነበር።

ኅዳር ላይ በቆሎው ተሰበሰበና አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ጭማቂ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ አንዲት ሙሽራ በመዘምራን ታጅባ ፎቶ እየተነሣች ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቀና ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ጣቱን ፍሬው ላይ አሳረፈ፤ ክብ መሆኑን ሊያረጋግጥ የፈለገ ይመስል ነበር። ጣቱ ጠፍጣፋ ግድግዳ ሲነካ ዞሮ አየኝ።

«ይሄን ፍሬ የት አየኸው?» አለኝ በወላይትኛ።

አላየሁትም አልኩት። ከትንሽ ወረቀት ላይ ነው፣ የቀረውን አስቤ ነው አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ አጠገቡ ወደቆሙት የማያውቃቸው ሚዜዎች ዞረና፣ ብዙ ጊዜ ሲናገረው በማልሰማው አማርኛ፣ «ይሄን የሠራው የኔ ልጅ ነው» አላቸው። ስለ መሄድ አላነሣም። እትዬ ዘነበች የሰጡትን ጭማቂ ጠጣ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ወደ ሁምቦ የሚሄደው መኪና ላይ ብቻውን ወጣ።

እኔም ሠዓሊ ሆኜ ቀረሁ። ስንት ዓመት ሥዕል አስተማርኩ። ጭማቂ ቤቱ ፈርሶ ዛሬ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሞበታል፤ የአሁኖቹ ጭማቂ ቤቶች ፍራፍሬያቸውን በኅትመት ነው የሚሰቅሉት፤ እሱም የራሱ ውበት አለው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ትዕቢት ውድቀትን ትቀድማለች እየተባልኩ ስላደግኩ፣ የሠራሁትን ማውራት ያሳፍረኛል። ትናንት ግን ለቅሶ ልደርስ የሄድኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ከሙሽራዋ ትከሻ በላይ ግን ቢጫው አልጠፋም። የቤቱ ባለቤት ዓይኔን ተከትላ፣ ያኔ ሁላችንም እዚያ ነበር የምንነሣው፣ ማን እንደሠራው ግን እንጃ አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም እላለሁ። እንዲህ ያለውን አንዷን ኩራት ግን እግዚአብሔርም የሚቆጥርብኝ አይመስለኝም።

«እኔ ነኝ» አልኳት።