ለገዢ የሚያደላው ደላላ

ሰፈሩ ሁሉ «ቆጣሪው» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ስለኖረ ነው። ከከተማው ዳር ባሉት ሰፈሮች እሱ ያላንኳኳው በር፣ ያልወረደበት ምድር ቤት፣ ያልጮኸበት ውሻ የለም። የትኛው ፎቅ ላይ ውሃ እንደማይወጣ፣ የትኛው ግድግዳ ውስጥ ውስጡን እንደሚያለቅስ፣ የትኞቹ ጎረቤታሞች በደረጃ ጽዳት እንደሚናቆሩ እንደ መዳፉ ያውቃል። ታዲያ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ከሩቅ የሚነበቡ አዳዲስ ቆጣሪዎች አስገባና እሱን «እናመሰግናለን» ብሎ ሸኘው።

ሦስት ሳምንት ቤት ዋለ። በአራተኛው ፀጉር ሠሪዋ ሚስቱ ምርር አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ የራሳችንን ቆጣሪ በቀን ሦስቴ እያነበብክ አትኖርም! ሰው ቤት ሲገዛ ደላላው የሻጩን ጥቅም ይዞ ይመጣል። የገዢውን የሚይዝ ማን አለ? የምታውቀውን ይዘህ ለገዢ ቤት ፈልግ።»

ሐሳቡን ወደደው። በማግስቱ «ቤት እፈልጋለሁ» የሚል ካርድ አሳትሞ በየሱቁ በተነ። በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ደወለ፤ አሥራ አንዱም ለእሱ ቤት ሊያከራዩት። አንዲት ሴትማ ሆዷ ባብቶ «አይዞህ ወንድሜ፣ እስክትቋቋም ድረስ ጓሮ ያለችው ክፍል ትሁንህ» አለችው። ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሁለተኛው ካርድ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ «ለቤት ገዢዎች ቤት ፈላጊ። ከሻጭ ሰባራ ሳንቲም አልቀበልም።»

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሚስቱ ዘንድ ፀጉሯን የምትሠራ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ከአውቶቡስ ሹፌር ባሏ፣ ከሦስት ልጆቿና ከአማቷ ጋር ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ተጣብበው ይኖራሉ። ቆጣሪው የመጣው እሑድ ከሰዓት ነው። ስለ ዋጋ ይጠይቃል ብለው ሲጠብቁት፣ «ግድ የላችሁም፣ የያዛችሁትን ሥራ ቀጥሉ። ትንሽ ልያችሁ» ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ያየው ይህን ነው። ትልቋ ልጅ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው። አልጋው ላይ የአንድ አዳራሽ መጋረጃ ተዘርግቶበታል፤ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይቀመጥበትም። የሹፌሩ እናት መስኮቱ አጠገብ ሆነው «የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ዛሬ ዘግይቷል… ይቺ ደግሞ ጫማ ቀየረች» እያሉ የመንገዱን ወሬ ለቤቱ ያደርሳሉ።

«እኔ የምፈልገው ሰፊ ሳሎን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የማላፍርበት» አለ ሹፌሩ።

«ለእኔ ብርሃን ያለው አንድ ጥግ ይበቃኛል» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ደጅ መውጣት ሰለቸኝ።»

«እርስዎስ እማማ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ ልጄ። ባስቀመጡኝ እቀመጣለሁ።»

ቆጣሪው ይህችን ጽፎ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመረባት። ሃያ ሁለት ዓመት በር ሲያንኳኳ የተማረው ነገር ቢኖር፣ «ምን ቸገረኝ» የሚል ሰው የቸገረው ነገር እንዳለው ነው።

መጀመሪያ ያዩት ቤት አንድ ግድግዳው ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቆጣሪው መዳፉን አሳረፈበት፣ ቀጥሎ እንደ ሐኪም ጆሮውን ለጠፈና «ይሄ ግድግዳ ጉንፋን ይዞታል» አለ። የሻጩ ደላላ ተቆጣ። እነሱም ሄዱ።

ሁለተኛው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሳሎኑ ሜዳ ያህላል! ሹፌሩ በሐሳቡ ሶፋ ማስገባት ጀመረ። «እዚህ ትልቁ፣ እዚያ ትንንሾቹ…» ቆጣሪው የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተ። ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ይወርዳል እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«ዛሬ እሑድ ነው፤ ከታች ያለው፣ ውሃውን ሁሉ የሚስበው የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ተዘግቷል። ማክሰኞ ጠዋት መጥተን እንየው።»

«እስከ ማክሰኞ ሌላ ሰው ይወስደዋል!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው።»

ሹፌሩ ፊቱ ቀላ። «ጋሼ፣ የያዝንዎት ቤት እንዲያገኙልን ነው ወይስ ቤት እንዲከለክሉን?»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ የምበላው ከእናንተ ነው። ስለዚህ ለእናንተ እየጮኽኩ ነው» አለ ቆጣሪው ሳይቀየም። መጋረጃ ሰፊዋ ሳቀች። ባሏ አልሳቀም፤ ደረጃውን ብቻውን ወረደ።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ሹፌሩ ለማንም ሳይናገር በፈረቃው መሐል የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ወጣ። የቤቱ ጠባቂ ከፈተለት፣ እሱም ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰው፣ አንድ ማንኪያ የሚሆን ቡናማ ውሃ ተፋና ጸጥ አለ። ሹፌሩ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ቧንቧው ደርቋል። እኔም ደርቄ ቀርቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ኧረ ምን በወጣህ! ቤቱን እንጂ እኔን መቼ ተቆጣኸኝ» አለው ቆጣሪው። እንደሱ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ከአሥር ቀን በኋላ ቆጣሪው ወደ አማትየው መጣ። «እማማ፣ ዛሬ የማሳየው ለእርስዎ ነው።» መጋረጃ ሰፊዋም ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለች።

ቤቱ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ወደ ልጃቸው ከተማ ለመሄድ ወስነው ሳለ ሦስት ገዢ መልሰዋል፤ ሦስቱም ገና ከበሩ ሲገቡ «ይሄ ፈርሶ፣ ያ ተነቅሎ» ማለት በመጀመራቸው። ለቆጣሪው ግን በራቸው ሁሌም ክፍት ነው፤ ድሮ ከወለላቸው ሥር የሚፈስ ውሃ ያገኘላቸው እሱ ነበር።

የወጥ ቤቱ የግድግዳ ሸክላ ቀለሙ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። ሳሎኑም መካከለኛ ነው። የምሥራቁ ክፍል ግን ግማሽ ግድግዳው መስኮት ነው፤ መጋረጃ ሰፊዋ ገና ስትገባ መርፌ አውጥታ ክር አስገባችና «በአንዴ!» ብላ ጮኸች።

አማትየው ይህን አልሰሙም። በቀጥታ ወደ ሳሎኑ መስኮት ሄደዋል። ከታች የአውቶቡሶች መዞሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጋዜጣ ሻጭ። አንድ አውቶቡስ ዞሮ ቆመ። ሹፌሩ ወረደ፣ ወገቡን አፍታታ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ልጄ ነው!» አሉ እናት። «አሥራ አምስት ዓመት ሲነዳ ሥራው ላይ አይቼው አላውቅም። እዩት እስቲ፣ እንዴት ተጀንኖ እንደሚሄድ!» ከዚያም ወደ ምራታቸው ዞሩ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰው የማይታይበት ቦታ ወስዳችሁ እንዳታስቀምጡኝ ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩን እማዬ?»

«እንዳልከብዳችሁ ነዋ።»

ምራትየው እጃቸውን ያዘቻቸው። እሳቸው ግን በሌላ እጃቸው መስኮቱን ከፍተው ኖሮ ቁልቁል ተጣሩ፦

«ማሙሽ! አንተ ማሙሽ! ና ውጣ፣ ቤት አግኝተናል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ቀና አለ። የአርባ ሁለት ዓመቱ ማሙሽ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሕንጻው ውስጥ ተሰወረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቹ በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም።

«ከአውቶቡስ ወርጄ ደግሞ አውቶቡስ ሳይ ልኑር?» አለ ሲደርስ እያለከለከ። ሳሎኑን በእርምጃ ለካ። የእናቱን ፊት አየ፣ የሚስቱን መርፌ አየ። «ግን ለምሳ እቤቴ እገባለሁ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግድግዳ ታፈርሳላችሁ?»

«መጋረጃ እሰቅላለሁ እንጂ ምን አፈርሳለሁ ጋሼ!» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

ቆጣሪው ግን ደብተሩን ገለጠ። «የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ዘመኑ አልፏል፤ መቀየር አለበት። ዋጋው ላይ ይታሰብ።»

«አንተ! ወዳጄ አልነበርክም እንዴ?»

«ወዳጅዎ ነኝ። ዛሬ የምሠራው ግን ለእነሱ ነው።»

መምህሩ ሳቁ። «እኔም አንድ እንዳንተ ያለ ቢኖረኝ!» አሉና የቧንቧውን ቀነሱ። ቤተሰቡ በሁለት ወር ውስጥ ገባ፤ ትልቋ ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ አገኘች።

ወሬው በአውቶቡስ ሹፌሮች በኩል ስለተሰራጨ ቆጣሪው ከዚያ በኋላ ሥራ አልፈታም። ከሁሉም ያደከሙት ደንበኛ ግን ከስድስት ወር በኋላ የደወሉት ናቸው።

«አሁን ደግሞ ገዢው እኔ ነኝ» አሉ መምህሩ። «ልጄ ቤት ውስጥ መጋዝ ማንሣት ክልክል ሆነብኝ። መሥሪያ ጠረጴዛዬ የሚገባበት ትንሽ ቤት ፈልግልኝ፣ ከእሷ ቅርብ የሆነ። እንዳትራራልኝ፤ ለእኔ ጩህልኝ።»

ቆጣሪው ሚስቱን አስከትሎ በባቡር ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ በየደረጃው እየተጨቃጨቁ ሰባት ቤት አዩ። ስምንተኛው ጋ መምህሩ በሩን በጣታቸው አንኳኩ አንኳኩና «ጥሩ እንጨት ነው» አሉ። ከልጃቸው ቤት የሚለየው አንድ መንገድ ብቻ ነበር።